ቀለም የማይነካ ሥራ

ጎሚስታ ነኝ። ሱቄንና ጎረቤቶቼ እህትና ወንድም የሚውሉበትን ጋራዥ የምትለያቸው አንዲት ስስ ቆርቆሮ ስለሆነች ጭቅጭቃቸው አያመልጠኝም። እንዲህ ጥርት ብሎ የሚሰማ ንዴት ደግሞ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ሰፈሩ ወንድምዬውን «መዶሻው» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ፣ ስቱኮ ሲለጥፍ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣ ቀለም ሲረጭ ኖረ። አምና ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «ከአቧራና ከቀለም ካልራቅህ ሳንባህ አይመለስም» አለው። ሌላ ሙያ የለውም። የቀረችው ተስፋ ታናሽ እህቱ ናት። እሷ የተሰረጎደ መኪና ቀለሙን ሳትነካ፣ ረጃጅም ጠማማ ብረቶች ከውስጥ አስገብታ ቀስ እያለች ገፍታ ታወጣለች። ልጅ ሳለች ሙያ አስተምረኝ ብትለው ያኔ ከሚሠራበት ጋራዥ ያባረራት ራሱ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ አንድ አሮጌ ኮፈን ላይ አስጎንብሳ አለማመደችው።

«ጋሼ፣ መሐሉን አትግፋ። ከዳር ዳር ጀምር።»

«አንቺ ሳትወለጂ ላሜራ አውቃለሁ።»

«ላሜራማ ታውቃለህ። መብራቱን ነው የማታየው።»

እውነቷን ነው። ላሜራው ላይ የሚያርፈው የአምፖል መስመር ከተጣመመ ብረቱ አልተስተካከለም ማለት ነው። እሱ ግን የለመደው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ መዳሰስ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ነርስ በሯ የተሰረጎደ መኪና አመጣች። ልትሸጣት ስለሆነ የፋብሪካ ቀለሟ እንዳይነካ ደጋግማ አስጠነቀቀች።

«ይሄን ብቻህን አውጣው» አለችው እህቱ። «ከወጣ አብረን እንሠራለን። ካልወጣ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፤ እንዳትቀየመኝ።»

«ደግሞ ፈተና ጀመርሽ?» አለ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሮ። እሷ ዕቃ ልትገዛ ወጣች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩን ከውስጥ ሲገፋ ቆየ። ከዚያ ከቆርቆሮው ወዲያ ሸክ፣ ሸክ የሚል ሰማሁ። ሮጬ ብገባ መዶሻው ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ደርቋል። ስርጉዱን አውጥቶ ሲጨርስ መዳፉን ቢያሳልፍበት የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉብታ ነካችው፤ እጁ ሳያማክረው ወደ ኋላ ኪሱ ሄደ። የሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ ሳንቲም የምታክል ጭጋግ ተኝታለች።

እህቱ ተመልሳ አየችው።

«ይሄ ነገር ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የት ልውሰደው? ሃያ ስድስት ዓመት ቤቱ እዚያ ነው።»

«በቃ ጋሼ፣ ቤትህ ግባና ድስት ቀጥቅጥ።»

«አንቺ ነሽ ያናደድሽኝ። ፈተና ፈተና እያልሽ።»

በዚህ መሐል ነርሷ ደረሰች። እህቱ አፏን ሳትከፍት መዶሻው ቀደመና፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እሷ የለችበትም» አላት።

ነርሷም አልማረችውም። «እኔስ እጄ ለምዶ ነው ብዬ ያልታዘዘልህን መርፌ ብወጋህ ዝም ትለኝ ነበር?»

እህቱ አንድ ሰዓት በፖሊሽ አሸችው። ጭጋጉ ለቀቀ። ከዚያ አምፖሉን አስጠግታ ብታይ መስመሩ በሩ ላይ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ይሄኔ ንዴቷ ባሰ። እሷ ራሷ እንዲህ ንጹሕ አድርጋ የምታወጣው አልፎ አልፎ ነው። ነርሷ እያጉረመረመች ቁልፏን ተቀብላ ሄደች።

«ነገ በሁለት ሰዓት ና» አለችው እህቱ ፊቷን ሳታዞር። «ኪስ ያለው ሱሪ ለብሰህ ግን እንዳላይህ።»

«ስልኬን የት ላድርግ?»

«አፍህ ውስጥ። ሁለታችንም እናርፋለን።»

በማግስቱ ሚስቱ የሱሪውን ኪሶች በጥቁር ክር ደፍናለት መጣ። እኔንም ሰላም ሳይለኝ አልፎ፣ ብረቶቹን አንስቶ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።