ማንም ሳይነካው የሚቆመው ሳጥን

እህቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከሆስፒታል በወጣችበት ሳምንት የሕንፃው ውኃ ያስቸግር ጀመር። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ፓምፑ አልነሳም ይላል። እህቷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ባልዲ ማንሳት ተከልክላለች። ስለዚህ ትንፋሽ ማንም ሳይለምናት የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

«ትንፋሽ» ያሏት ደንበኞቿ ናቸው። የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ናት፤ የተቃጠለ ነገር ሲያመጡላት እንኳ ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ «ቆይ፣ ትንፋሽ አለው» ሳትል አትመልስም።

ፓምፑን የሚያዘው ከሕንፃው ጄኔሬተር አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግራጫ ሳጥን ነው፤ ውስጡ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ስክሪንም ኪቦርድም የላትም። ከሰው ጋር የምትነጋገረው በሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ አንዱ የእሷን ቃል ያወጣል፣ አንዱ የሰውን ቃል ያስገባል፣ ሦስተኛው የጋራ ነው። ስትነሳ ጥቂት ሰከንድ እየቆጠረች ትጠብቃለች። በዚያ መሃል በሽቦው ከተሰካ ኪቦርድ አንዲት ፊደል ከደረሰቻት ሥራዋን ትታ ትእዛዝ ትጠብቃለች፤ ካልደረሰቻት ፓምፑን ታስነሳለች።

የሦስቱ ሽቦዎች መሰኪያ ላይ ሳጥኑን የገጠሙት ሰዎች የተዉት፣ ሌላው ጫፉ የትም ያልተሰካ ገመድ ተንጠልጥሏል። ትንፋሽ እሱን ነቅላ የራሷን ሰካች፤ ላፕቶፗን ከፍታ ሳጥኑን አጥፍታ አበራችው። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተንዠቀዠቀ። ፓምፑ አጉረመረመና ተነሳ።

«ምን አደረግሽው ልጄ?» አሏት የሕንፃው ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው።

«ምንም አላደረግኩም ጋሼ።»

«እንግዲያው ሲያስመስል ነበራ!»

ገመዷን ነቅላ አሮጌውን እንደነበረ መልሳ ሄደች፤ የሰው ዕቃ እንዳገኘችው መመለስ ልማዷ ነው። በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ፤ ፓምፑ ዝም አለ። ተመልሳ ገመዷን ስትሰካ ደግሞ ምንም እንዳልነበረው ተነሳ። የኃይል ማከፋፈያውን ቀየረች፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትታ አጸዳች። እሷ ባለችበት ደህና፣ ስትሄድ በሽተኛ።

«የእኔም ጥርስ እንዲሁ ነው» አሉ ጥበቃው። «ሐኪም ቤት በር ላይ ስደርስ ይተወኛል።»

እህቷ ደወለች። «ውኃው እንደገና ሄደ። ለመሆኑ ነገሩን ታውቂዋለሽ ወይስ እየገመትሽ ነው?»

«እየገመትኩ ነው እታለም» አለቻት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሏል ይኼ ነው። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳጥኑን ራሷ አስቁማ ውስጡን ለማየት ቆርጣ ወረደች። ገመዷን ሰክታ ሳጥኑን አበራች፤ መቁጠር ሲጀምር ቁልፍ ነካች። አልሰማትም። ደጋግማ መታች፤ በመዳፏ ሙሉ ኪቦርዱን ደፈጠጠችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ተስፋ ቆርጣ እጇን ስታነሳ ግን ቆጠራው ቀጥ አለ፤ ሳጥኑ ትእዛዝ ጠበቀ።

ትእዛዝ ጻፈች፤ መልስ የለም። ይልቁንስ አንዲት ያልጻፈቻት ምልክት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ኪቦርዱን ነክተውታል?»

«እዚህ በር ላይ ቆሜ? በምኔ?»

ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ሰቀለች። ሌላ ምልክት መጣ። ከዚያም ሌላ። ጥበቃው አማተቡና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ስትነካው የማይሰማት ሳጥን፣ ማንም ሳይነካው የሚታዘዘው ማንን ነው?

ሌላ የምታደርገው ስላጣች ሽቦዎቹን በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለቻቸው። የሰውን ቃል የሚያስገባው ሽቦ በላፕቶፑ በኩል ሾልኮ ወጥቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለዚህ ነው ያልሰማት። መልሳ ሰካችው፤ ምልክቶቹ ቆሙ። ነቀለችው፤ ቆይተው መጡ። ከዚያ ዓይኗ መሬት ላይ ወዳስቀመጠችው አሮጌ ገመድ ሄደ፤ እሱም ጫፉ ባዶ ነው።

«ጋሼ! ባዶው ሽቦ እኮ የሞተሮቹን የኤሌክትሪክ ረብሻ ከአየር ላይ እየለቀመ ነው። ሳጥኑ ሰው የነካው ይመስለዋል። እኔ ላፕቶፑን ስሰካ ደግሞ ጫፉ ባዶ ስለማይሆን ሽቦው ዝም ይላል።»

«እና አሮጌውን ማን ነው ሁልጊዜ የሚመልሰው?»

«እኔው ነኛ!» ሳቋ አመለጣት።

አሮጌውን ገመድ ጣለችው፤ ለጥንቃቄም ሽቦው በሚገባበት የኮምፒውተሯ እግር ላይ ረብሻውን የሚያፍን ትንሽ ሬዚስተር በየደችለት፣ ክፍት ቢሆንም ሐሳዊ ቃል እንዳያስገባ። ሳጥኑን ደጋግማ አጥፍታ አበራች፤ ያለ ላፕቶፕም ፓምፑ ተነሳ።

«ገመዱ ግን እኔ እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ እዚያው ነበር» አሉ ጥበቃው። «እስከ ዛሬ ምነው ደህና ሠራ?»

«ጄኔሬተሩ አዲስ መጥቶ ይሆን?»

«ከእኔ በፊት የነበረ ነው።»

ትንፋሽ ጄኔሬተሩን አየችው፣ ፓምፑን አየችው፣ ጣሪያውንም አየችው።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ እህቷ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ እጇን ትታጠብ ነበር። «ሠራ እኮ! ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው?»

«መሥራቱንማ ሠራ» አለች ትንፋሽ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ድሮ ለምን ይሠራ እንደነበር ነው ያልገባኝ።»