ከግድግዳው ውስጥ የሚመታው

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «የቱ ጋ» ይለዋል፤ ምንም ነገር ብትነግሩት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነዋ። ሐኪሙ «ኩላሊትህ ላይ ጠጠር አለ» ሲለው «የቱ ጋ?» ብሎ የራጅ ፎቶውን ተቀበለና መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየው። ዳቦ እንኳ ሲገዛ በመዳፉ መዝኖ፣ ባለሱቁን ገላምጦ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔን ያገባኝ ዕድሜዬን በደብዳቤ አጣርቶ ነው» ትል ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅና የአስፈሪ ፊልም ጠላት ሆኖ ያረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብራን የምትኖረው ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ፣ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ከባሏ ቤት የወጣችው «ግድግዳው ውስጥ የሚመታ ነገር አለ» በማለቷ ነው። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቀጥሎ «ለክፏታል» አሉ፤ መጨረሻ ላይ ባሏ የስድስት ዓመት ልጇን ነጥቆ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠላት። አሁን የባሏ የወንድም ልጅ ፊልም ሠሪ ሆነና ያንኑ ወሬ ፊልም አደረገው፤ የቀረጸውም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። መክፈቻው ላይ በትልልቁ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ይላል። ሴትየዋ ሙት መንፈስ ሰፍሮባት የገዛ ልጇን ልታንቅ ስትነሳ ያሳያል።

ያቺ የተነጠቀችው ልጅ አድጋ፣ ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለአክስቴ ደወለች። «እማዬ፣ አማቴ ፊልሙን አይታዋለች። ከሠርጉ ብትቀሪ ይሻላል» አለቻት። አክስቴ «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ለሠርጉ የገዛችውን ቀሚስ ከመስቀያው አውርዳ አጣጠፈችው።

አባቴ «እውነተኛው ታሪክ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ደብተርና እስክሪብቶ ያዘ፤ እኔን አስከትሎም ሲኒማ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚታየውን ገባ። ውሸቱን አንድ በአንድ ሊለቅም ነው። «ቤቱ ምድር ቤት አለው ይላሉ። ቧንቧውን የዘረጋሁት እኔ አይደለሁ? የታል ምድር ቤት?» እያለ ይጽፋል። መንፈሱ ጣሪያ ላይ ሲራመድ ከፊታችን ያለችው ልጅ ጓደኛዋ ጉያ ውስጥ ተወሸቀች፤ አባቴ «ቆርቆሮው ለምን አልጮኸም?» ብሎ ጻፈ። ከኋላ ያሉት ዝም በል አሉት።

ከዚያ ተዋናይዋ ወጥ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች። ቧንቧውን ስትዘጋው ከግድግዳው ውስጥ ዷ፣ ዷ፣ ዷ አለ። አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። አባቴ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

በማግስቱ ድምፁን አጥፍቶ ሊወጣ ሲል ደረስኩበትና አብሬው ሄድኩ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ያቺ ቦታ እንዳለፈች ተነስቶ ወጣ። አባቴ ለአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አይደለም።

«አባዬ፣ ምን ደብቀኸኛል?» አልኩት።

«መሮና መዶሻ ያዥልኝ» ብቻ አለኝ።

ያ የአክስቴ ባል ቤት አሁን ተከራይቷል። ተከራይዋ አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ መሆኑን ስትሰማ «ያ የግድግዳው ድምፅ እኛንም እንቅልፍ ነስቶናል» ብላ በሩን ከፈተችልን። አባቴ ጆሮውን የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቧንቧውን አስከፈተኝ፣ አስዘጋኝ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ልስኑን ፈለፈለው። ቧንቧው ውስጥ ለውስጥ አንድም መያዣ ሳይኖረው ተንጠልጥሏል፤ ውሃው ድንገት ሲቆም ይወራጭና ግድግዳውን ይደበድባል።

«መያዣ አልቆብኝ ነበር» አለ፣ መሮውን መሬት አስቀምጦ። «ነገ አምጥቼ አስረዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ለሳኙ ቀድሞኝ ደፍኖታል። ልስኑ ይይዘዋል ብዬ ተውኩት። የቧንቧው ሥራ ለአክስትሽ ሠርግ የሰጠኋት ስጦታ ነበር፣ ልጄ።»

ቤት ስንደርስ አክስቴ ልብስ እያጠበች ነበር። አባቴ ፊቷ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም። እጇን አደራርቃ ስልኳን አመጣችና «ለልጄ ንገርልኝ» አለችው።

ደወለ። «እናትሽን ምንም አልነካትም። የሚመታው ያልታሰረ ቧንቧ ነው። የሠራሁትም እኔ ነኝ» አለ። ልጅቷ «እማዬን አቅርብልኝ» ስትል እኔ ድረስ ተሰማ።

አባቴ ስልኩን ዘረጋላት። አክስቴ አልተቀበለችውም።

«አልጨረስክም» አለችው። «ቧንቧ ስዘጋ ነው የሚመታው ብዬ መጀመሪያ የጠራሁት ማንን ነበር?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«ነግራኝ ነበር» አላት ልጅቷን። «ያን ጊዜውኑ ጠርታኝ ነበር፤ አልሄድኩም። የእኔ ሥራ ይበላሻል ብዬ አልጠረጠርኩም። እሷን ነው የጠረጠርኳት።»