የአክስት ልጅ የበላው ነቀዝ

ቪሊማይና ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ሲቀራት የጎደላት አንድ ወንድ ነቀዝ ብቻ ነበር። ከተራራው ላይ፣ ፈርን ከሚባል የበሰበሰ ዛፍ ግንድ ውስጥ ያገኘቻቸው አራት እንስቶች እስካሁን ማንም ያልመዘገበው ዝርያ መሆናቸውን ልቧ ያውቃል። ልብ ግን ምስክር አይሆንም። ነቀዝን ከዘመዱ የሚለየው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የወንዱ ብልት ነው። እሱን ፈልቅቆ፣ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ስሎ ያላቀረበ ሰሚ የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ጣቢያው ሌሎች የሰየሙትን ነቀዝ ስትለይ ኖራ ራሷ የሰየመችው አንድም አልነበራት።

ስለዚህ ከግንዱ ያገኘቻቸውን፣ አድገው ነቀዝ የሚሆኑ ሦስት ትሎች ከነእንጨታቸው በቆርቆሮ አድርጋ ጓዳዋ ውስጥ እንደ ጨቅላ ስታሳድግ ከረመች። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ወንድ ቢወጣ!

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ካሊዮፓቴ በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ይልሳል።

"ቪሊ፣ ትሎችሽ ሰብተዋል። ጠበስኳቸው። ጨው ብቻ አነሳቸው።"

ካሊዮፓቴ የአክስቷ ልጅ ነው። በፊጂ የአባት እኅት ልጅ ቤት ገብቶ ያሻውን ቢበላ፣ ያሻውን ቢሳደብ መቆጣት ነውር ነው፤ የተቆጣ ተሸነፈ። ቪሊማይና አንጀቷ እያረረ ሳቀች።

"በሁለት ጥርስ ሦስት ትል ጨረስክ? እግዜር ይመስገን፣ ገና ትኖራለህ።"

ደግነቱ ወጉ ለሁለቱም ይሠራል። ብድር በምድር ነውና በማግስቱ የጀልባውን ሞተር በጋሪ ጭና ወሰደችበት።

"ሞተሬን አላየሽም?"

"አየሁት፣ ጓዳዬ ነው። ትሎቼ የነበሩበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቢያስጠላኝ አስቀመጥኩት።"

አራት ቀን ዓሣ ያላጠመደው ካሊዮፓቴ ሞተሩን ለማስመለስ በስድሳ አምስት ዓመቱ ተራራ ወጣ። በጭቃ ተለውሶ፣ ግማሽ ግንድ ተሸክሞ፣ እየተራገመ ተመለሰ። ግንዱ ውስጥ ሰባት ትል ነበር። አድገው ነቀዝ ሲሆኑ ከሰባቱ ሁለቱ ወንድ ወጡ። ቪሊማይና የአንዱን ብልት ፈልቅቃ በማይክሮስኮፕ ስታይ ብቻዋን አለቀሰች። አልተሳሳተችም ነበር።

ስለ አዲሱ ነቀዝ የጻፈችው ጽሑፍ ታትሞ ሲደርሳት የመንደሩ ሽማግሌዎች ከሥር የሚበጠበጠውን ካቫ ወደሚጠጡበት ዳስ ይዛው ሄደች፤ ጮክ ብላም አነበበች።

"ይህ ነቀዝ ላይ ላዩን ሲያዩት ዘመዶቹን ይመስላል። የሚለየው በብልቱ ነው። አጭር ነው፣ ጫፉም ቆልማማ። ስያሜውን ያገኘው ከአጥማጁ ከካሊዮፓቴ ነው።"

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። "ቪሊ፣ ልኩን ማን ሰጠሽ?" አለ አንዱ ሽማግሌ እንባውን እየጠረገ።

ካሊዮፓቴ ብቻ አልሳቀም። ቪሊማይና አበዛሁት እንዴ ብላ ደነገጠች።

"ይሄ ስም እስከ መቼ ይቆያል?" አላት።

"አይፋቅም።"

"ብሞትም?"

"ብትሞትም።"

ካሊዮፓቴ ልጅ አልወለደም። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ፣ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ስሙ የእኔ ነው" አላቸው። "ልኩን ግን በቅናት ነው የጻፈችው።"