አባቴ ጎመኑ ላይ የረጩት ነገር

አርብ ከቀትር በኋላ ነው። ከጦር ሰፈር ለሻባት፣ ለቅዳሜው ሰንበት፣ ወደ ቤት እየመጣሁ ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሕንጻችን ስታጠፍ፣ አባቴ ጎመናቸው መሀል ቆመዋል። ወደ እኔ ዞረው ነበር፤ ግን አላዩኝም። ፊታቸው አመድ መስሏል...

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ወታደር ነበርኩ፤ የምንኖረው ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ከሕንጻው ጀርባ ባለችው ክፍት ቦታ የሐበሻ ጎመን ተክለው ነበር። ጠዋት እሱን ሳያዩ ወደ ሥራ አይሄዱም።

በዚያ ሰሞን ግን ነጭ ቢራቢሮ መጣና ቅጠሉ ሥር እንቁላሉን ጣለበት። ከእንቁላሉ አረንጓዴ ትል ወጣ፤ ቀለሙ ከቅጠሉ አይለይም። አባቴ በእጃቸው ለቀሙ። የሳሙና ውሃ ረጩ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ቀቅለው አፈሰሱበት። ትሉ ሁለት ቀን ጠፍቶ ይመለሳል። ቅጠሉ ወንፊት ሆነ።

ቀረብ ስል አንደኛው መደብ ተቆርጧል። ደህና ደህናው ቅጠል በቢላዋ ተለቅሞ ግንዱ ብቻ ቀርቷል።

«ማን ቆረጠው?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ከሥራ ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። እናትሽን ጠየቅኋት፣ እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ጎመን አይደል? ምን ሆኑ?»

በአገጫቸው ወደ ግድግዳው ጥግ አመለከቱኝ። አንድ የጭማቂ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ምንም አልተጻፈበትም። አንስቼ ክዳኑን ሳልከፍት ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ።

«ፓርዴሱ ላይ ለብርቱካኑ የሚረጩት መርዝ ነው» አሉኝ። አባቴ ይሠሩ የነበረው ፓርዴስ በሚባለው የብርቱካን እርሻ ውስጥ ነው። «አንድ ጓደኛዬ ቀዳልኝ። ትናንት ከሥራ ስመጣ ረጨሁት።»

«ምን ያህል?»

«እንዳይመለስ ብዬ... አበዛሁት።»

እርሻው ላይ ያንን ሲረጩ ሰዎቹ አፍንጫና አፋቸውን ሸፍነው፣ ጓንት አጥልቀው ነው። ከተረጨ በኋላ ለቀናት ማንም ወደ ዛፎቹ አይጠጋም። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አባቴ ናቸው።

«ከእኛ ሌላ ማን ይቆርጣል?»

«እማማ ወርቅነሽ» አሉ። «ሲያሻዎት ይቁረጡ ያልኳቸው እኔው ነኝ።»

እማማ ወርቅነሽ ከእኛ በታች ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እናቴን ከቤት ጠርቼ ጠርሙሱን ሰጠኋት፤ ሌላ ሰው እንዳይቆርጥ ከአትክልቱ እንዳትለይ ነገርኳትና ሮጥኩ። በሩን ደበደብኩ። ተጣራሁ። መልስ የለም።

የፊት ለፊቱ ጎረቤት ከበሩ ብቅ አለና «ጠዋት ወጥተዋል፤ ለሻባት ልጃቸው ጋ ሄደዋል» አለኝ። «በእጃቸው ከረጢት ይዘው ነበር። ቅጠል የሞላበት።»

ልጃቸው እትዬ አበራሽ የሚኖሩት ነቬ ሐይም የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። ቤቱን እናውቀዋለን፤ ስልካቸውን ግን አናውቅም። አውቶቡሶቹ ለሻባት ሊቆሙ ጥቂት ነው የቀራቸው። እኔና አባቴ የመጨረሻዋን አገኘናት።

መንገዱን ሙሉ አባቴ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ሲጠርጉ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «የሰው ነፍስ አጥፍቼ... እንዴት ነው ሻባት የምቀበለው?»

እኔም የማስበው ይህንኑ ነው።

ደረጃውን ስንወጣ የበሰለ ጎመን ሸተተኝ። አባቴም ሸቷቸዋል፤ የደረጃውን ብረት ጨብጠው ቆሙ። ትቻቸው ወጣሁና አንኳኳሁ።

እትዬ አበራሽ በሩን ከፈቱ። ዩኒፎርሜን አዩ፣ ጠመንጃዬን አዩ፣ ከኋላዬ የሚመጡትን የአባቴን ፊት አዩ። ወንድ ልጃቸው ወታደር ነው። ዩኒፎርም ለብሶ ሳይጠራ በር የሚያንኳኳ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ እዚህ አገር የማያውቅ እናት የለችም። የበሩን መቃን ያዙ።

«ልጄ... ልጄ ምን ሆነ?»

«ስለ እሱ አይደለም እትዬ። እሱ ደህና ነው። እማማ የት ናቸው?»

«ተኝተዋል። ደከመኝ ብለው ገቡ። በዚህ ሰዓት ተኝተው አያውቁም...»

አባቴ እበሩ ሥር ቁጭ አሉ። እኔ ገባሁ። እማማ ወርቅነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ተኝተዋል።

«እማማ...» አልኩና ጠጋ አልኩ።

«እማማ ወርቅነሽ...» ትከሻቸውን ነካሁ። ሲተነፍሱ ለማየት ጎንበስ አልኩ፤ ነጠላው ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ መለየት አቃተኝ።

«ምንድን ነው? ሻባት ገባ እንዴ?» አሉ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ጎመኑን በልተዋል?»

ቀስ ብለው ተነሡ። «የአባትሽን? ኧረ አልበላሁትም። ትል አብሬ እንዳልበላ ቅጠል በቅጠል ወደ መስኮቱ እያነሳሁ ስመረምር፣ ትሉ ሁሉ ሞቶ ተጣብቋል። አንድ እንኳ የሚላወስ የለም። እንዲህ የፈጀው ነገር እኔን አሮጊቷን ይምራል ብዬ ልብላው? በላስቲክ አስሬ ጣልኩትና ከአበራሽ ጋር ገበያ ወርደን ሌላ ገዛን። እሱ ነው ያደከመኝ።»

አባቴ ገብተው ጉልበታቸው ላይ ተደፉ። «ይማሩኝ እማማ።»

«ተነሣ ልጄ። መውሰዴን እያወቅህ ቤትህ ብትቀመጥ ነበር የማልምርህ።»

አውቶቡስ ስለሌለ ወደ ቤት የተመለስነው በእግራችን ነው። ሻባት ካለፈ በኋላ አባቴ ጓንት አጥልቀው መደቡን ሁሉ ከሥሩ ነቀሉት። በዓመቱ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ተከሉ፤ አሁን ግን ችካል ተክለው ስስ መረብ አለበሱት። ቢራቢሮዋ ከላይ ትዞር ትዞርና ትሄዳለች።

እኔ ግን እስከ ዛሬ ጎመን ሳጥብ፣ አንድ በሕይወት ያለ ትል ካላገኘሁ ልቤ አያርፍም።