ጨው የሌለው ባሕር

እኛ ባሕር ዳር ተወልደን ያደግን ሰዎች ጣናን ሐይቅ አንለውም። ሐይቅ የትምህርት ቤት ቃል ነው፤ ለእኛ ባሕር ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሚኒያፖሊስ ፊሊፕስ ሰፈር ስኖር፣ ይህችው ቃል አዋረደችኝ።

ከአፓርታማዬ በር ፊት ለፊት የምጽዋ ተወላጆች የሆኑ አዛውንት ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። አባባ የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው። እማማ እግራቸው እያበጠ ከቤት መውጣት ትተዋል። ኩን ራፒድስ ከተማ የምሠራበት መጋዘን አለቃዬ አልጋና ምድጃ ያላትን ካምፐር ቫኑን ለቅዳሜና እሁድ ሲያውሰኝ ጉራዬን መቻል አቃተኝና አባባን «ነገ ባሕር ላሳይዎት» አልኳቸው።

«ባሕር? እዚህ?»

«ድራይቭ አድርገን ሦስት ሰዓት ቢፈጅብን ነው። ማዶው የማይታይ ባሕር።»

በማግስቱ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው ወረዱ። ምጽዋ እግሩ ያበጠ ሰው በባሕር ውሃ ይታጠባል፤ ለእማማ ይዤላት ልምጣ አሉኝ። እኔ ያሳሰበኝ ጀሪካኑ የሰው መኪና እንዳያረጥብብኝ ብቻ ነበር።

ዝምተኛው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩልኝ ሄዱ። ዱሉዝ ከተማን አልፈን፣ ገደል ሥር ያለ ጠጠራማ ዳርቻ ላይ ቆምን። ሱፒሪየር፣ ፈረንጆቹ ሐይቅ የሚሉት ውሃ፣ እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል፤ ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል። አባባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። በእፍኛቸው ጨልፈው ቀመሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጨው የለውም እኮ፣ ልጄ።»

ያኔ ይቅርታ ብል ምን ነበረበት? ዓይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኳቸው። «እኔ ባሕር አልኩ እንጂ ጨው አለው አልኩ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሽርሽር የወጡ ፈረንጆች ዞረው አዩን። በአባት ዕድሜ ያለን ሰው እንደዚያ መናገሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።  አባባ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም ጀሪካን ሞሉ። ካምፐሯ ውስጥ ገብተን ሻይ ያፈሉትም እሳቸው ናቸው፤ እኔ አኩርፌ ተቀምጬ ነበር።

በዚያው ቀን ተመለስን። ጀሪካኖቹን ተሸክሜ ስገባ እማማ ሳፋ ከፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቁን ነበር። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ትከሻዬን ጫን አደረጉኝ።

«የባሕር ውሃ ነው» አሏቸው። «ልጃችን እዚያ ድረስ ነድቶ ነው ያመጣልሽ።»

እማማ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ በዚህ አይሸወዱም። ባላቸውን አዩ፣ ቀጥለው እኔን።

«ደህና ባሕር ነው» አሉ። «ተባረክ፣ ልጄ።»

ሳፋው ውስጥ እግራቸውን ሲከቱ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።