ቱቦው ውስጥ የነበረችው

ዛሬም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ናፍጣ ሲሸተኝ አፌን ይመረኛል።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤላ ከተማ ባለው ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። እህቴን ምጥ የያዛት ለት አባቴ ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞረው አልነሳ አለ። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲያ መኪናውን የነካው የለም፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መካኒክ የሆነው የእናቴ ወንድም ሊያሸጥልን መጣ። አዲስ ባትሪ አሰረ። እናቴ ያፈላችውን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረ። የናፍጣውን ቱቦ ፈትቶ በአፉ ሲስበው የስንዴ ፍሬ የምታክል ቆሻሻ እንትፍ አለ። ቱቦውን መልሶ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሳ፤ ጭሱ ግቢውን ሞላው።

«ሌላ እንከን የለበትም ጋሼ፤ የዘጋችው ይቺ ናት» አለ አጎቴ እየሳቀ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አነሳት። መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት።

«ያን ቀንም ይቺው ናት?»

አጎቴ ሳቁን ዋጠ። እናቴ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደ ቤት ገባች።

«አጥፋው» አለ አባቴ።

አሁን የተሳፈርኩበት መኪና ሹፌር ቁልፉን አንዴ አዞረው፤ ተነሳለት። ከተሳፋሪው ልብ ብሎ ያየው የለም።