ዶክተሩና እኔ በአንድ ዴስክ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ መምህሬ የነበሩት ዶክተር «ኮርጀሃል» ብለው የፈተና ወረቀቴን የቀደዱበት ማክሰኞ ዕለት ነው። የታጨሁለት ረዳት መምህርነት በዚያው ቀረ። እኔ ግን አልኮረጅኩም።

ዘንድሮ አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር፣ አጭር የማሽን ጥገና ሥልጠና ገባሁ፤ ቀጣሪዎች ከዲግሪዬ ይልቅ የብቃት ማረጋገጫ እያሉ አስቸገሩኝ። የመጀመሪያው ቀን ቱታ የለበሱ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው ናቸው! ጡረታ ወጥተው ኮዬ ፈጬ ወፍጮ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። አላወቁኝም። እኔም እንደ ሌላው ሰልጣኝ «ፋዘር» እያልኩ ማንነቴን ደበቅኩ።

«ልጄ፣ ከስተሃል፤ እንካ ጉረስ» እያሉ ከምሳ ዕቃቸው ሲያጎርሱኝ፣ ቂሜን ከሽሮው ጋር እውጣለሁ። ይባስ ብሎ ወደድኳቸው። አንድ ቀን ሲቀሩ ጊዜ ምሳ አልበላ አለኝ።

የማጠቃለያ ፈተናው ዕለት ክፍሉ ጸጥ እንዳለ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ፈተናው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት በእንግሊዝኛ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ወረቀቴን ሰረቅ አድርገው እያዩ፣ «ኩሽኔታ የሚሉት ቤሪንጉን ነው እንዴ?»

ፈታኙ መኖሩን ረሳሁት።

«እነግርዎታለሁ ዶክተር! መጀመሪያ ግን እርስዎ ይመልሱልኝ፤ ያኔ እኔ የኮረጅኩት ከማን ነው?»